ከወንድ የተረፈ

አሰላ፣ ማክሰኞ ግንቦት 9 ቀን 1952 ዓ.ም.

ዛሬ ሳጉሬ ወርጄ እህቴን ከዲጃን አየኋት። በአራስነቷ ገንፎውም ቅቤውም አልጎደለባትም ነበር። አርባ ቀኗ ካለፈ ወዲህ ግን ሰውነቷ አልቋል፤ ስትነሳ ግድግዳ ትይዛለች። ጡቷ ደርቆ ሕፃኑ ሲያለቅስ ድምፁ አይወጣም።

እንድትጠገን ብዬ ዶሮ ይዤላት ሄጄ ራሴ ሠራሁት። እሷ ሥጋውን ለባሏ ለሁሴንና ለአባቱ አቀረበች። እነሱ እስኪነሱ ጓዳ ተቀምጠን ጠበቅን። የተረፈውን መረቅ ለልጆቹ አካፈለችው።

"ለአንቺ እኮ ነው ያመጣሁት" አልኳት።

"ወንድ ሳይጠግብ እኔ ልብላ? ሰው ምን ይለኛል?" አለችኝ።

ሁሴን ክፉ ሰው አይደለም። ለብቻው አግኝቼ ብነግረው ደነገጠ።

"ስጠይቃት ሁልጊዜ በልቻለሁ ነው የምትለኝ፣ እትዬ" አለኝ።

ወዲያው ገብቶ "ነይ፣ ከዛሬ ጀምሮ አብረን እንበላለን" አላት። አባቱ ፊታቸውን አዞሩ። ከዲጃ በሀፍረት አንገቷን ደፍታ ወደ ጓዳ ተመለሰች። እሱም ዳግመኛ አልጠራትም።

ከመውጣቴ በፊት እንቁላል ቀቅዬ ለትልቋ ልጇ ለመርየም ሰጠኋት። አምስት ዓመቷ ነው፤ እጆቿ ጭራሮ ይመስላሉ። "አንቺው ብዪው" አልኳት። ቁጭ ብላ በጥንቃቄ ላጠችው። ከዚያ ጣቷን እንኳ ሳትልስ ለሦስት ዓመቱ ወንድሟ ወስዳ በአፉ አጎረሰችው።

"ልጄ ጨዋ ናት" አለች ከዲጃ፣ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ።