ባትሪ ፀሐይ ላይ ላሰጡት ክቡር ኃላፊ

ሮቤ፣ ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር አቶ ጀሊል ዲኖ፣ የቀበሌያችን የጸጥታ ጉዳይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

አሰላሙ አለይኩም። የአክብሮት ሰላምታዬ ከነቤተሰብዎ፣ ከነዘበኛዎ፣ ከነማኅተምዎና ከነባለቁልፍ መሳቢያዎ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? በዚህ ወር የሮቤ ብርድ አጥንት ድረስ ስለሚዘልቅ ጉልበትዎን እንዳይዝዎ፣ ዐይንዎም በሩቅ የቆመውን ጠላት ለይቶ እንደሚያይ ሁሉ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው እንዲያይ ዱዓ አደርጋለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጁሀራ ረዲ እባላለሁ፣ ገበያው ዳር የዩኒፎርም ጨርቅ የምሸጠው ነኝ። ቢሮዎ በር ላይ ባለችው አግዳሚ ወንበር ለወራት ስመላለስ ስለቆየሁ መቼም አይረሱኝም፤ ምናልባት ግን ከወንበሯ ለይተው አላዩኝ ይሆናል።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ላመሰግንዎ ነው። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ እንዳይምታታብዎ በተራ ቁጥር አስቀምጬዋለሁ፤ ተራ ቁጥር የሌለው ነገር ቢሮዎ እንደማይገባ ከአግዳሚዋ ላይ ተምሬአለሁና።

1ኛ. ካሜራዬን ስላከበሩልኝ አመሰግናለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ያቺን ካሜራ ከእርስዎ በቀር በቁም ነገር ያያት ሰው አልነበረም። እህቴ ሰቢሪና ጂዳ በሰው ቤት ትሠራለች፤ የሄደችው ገና ልጅ ሳለች ነው። አንድ ቀን በስልክ፣ የእናታችን ድምፅ አለኝ፣ መልኳ ግን እየጠፋብኝ ነው፣ አፍንጫዋ እንዴት እንደነበር ማሰብ አልቻልኩም ብላ አለቀሰችብኝ። እናታችን ሲምቦ ደግሞ የጎሮ ገጠር ሴት ናት፤ በዕድሜዋ ሙሉ ፎቶ ተነሥታ አታውቅም፣ ተነሺ ሲሏትም ፊቷን በሻሿ ሸፍና ትስቃለች። ስለዚህ ሰቢሪና ከደመወዟ ቆጥባ የምትችላትን አንዲት ዲጂታል ካሜራ ገዛችና ፎቶውን በኢሜይል እንድልክላት ወደ አገር በሚገባ ሰው እጅ ላከችልኝ።

ካሜራዋ የሳሙና ማስቀመጫ የምታህል የላስቲክ ዕቃ ናት። ያነሣችውን የሚያሳይ መስታወት የላትም፤ ጀርባዋ ላይ ባለች ጠባብ መስኮት ስንት እንዳነሣች ቁጥር ብቻ ትናገራለች። ቤት ውስጥ ካነሧት ሰውን ሁሉ ከሰል ታስመስላለች፣ እጅ ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ለአንድ ሰው ሁለት አገጭ ትሰጣለች። ፀሐይ ላይ ዝም ብሎ ለቆመ ሰው ግን ታማኝ ናት። ኮምፒውተር ቤት ያለው ቶፊቅ ገና እንደመጣች አገላብጦ አይቶ አንድ ነገር አስጠነቀቀኝ፤ ርካሽ ስለሆነች ፎቶውን የምትይዘው ባትሪው ውስጧ እስካለ ብቻ ነው፣ ባትሪው ካለቀ ወይም ከወጣ ያየችውን ሁሉ ትረሳለች አለኝ። እኔም እንደ ሕፃን እየጠበቅኋት ኖርኩ።

2ኛ. ስለ ንቃትዎ አመሰግናለሁ። ባለፈው ዓመት ዓረፋ ሲቃረብ እናቴ ለዚያራ ወደ ሼክ ሁሴን ልትሄድ ተዘጋጀች። አዲሱን ሻሿን አስራ፣ የዚያራ ተጓዦች የሚይዙትን ጫፉ መንታ የሆነ ዱላ ይዛ መናኸሪያው ጋ አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ ዓመት ሙሉ ስለምናት እንቢ ያለችው ሴት በገዛ አፏ «በይ ሱራ ና ካሲ» አለችኝ፤ ፎቶ አንሺኝ ማለቷ ነው። ለሼኹ የለበስኩትን ልጄም ትየው አለች። ፀሐዩ ጥሩ ነበር። ዝም ብላ ቆመች፣ አነሣኋት፣ ካሜራዋም ጢጥ አለች። በዚያች ቅጽበት ነው ክቡርነትዎ ከየት መጡ ሳይባል ከኋላዬ ደርሰው ክንዴን የያዙኝ፤ ለካ ከእናቴ ጀርባ በሩቁ የቀበሌው አዳራሽ ይታይ ኖሯል። ወቅቱ ከምርጫው በኋላ ስስ እንደነበር አውቃለሁ፤ አገር በአንዲት አሮጊት ትከሻ በኩል ሊፈርስ ሲል ስለደረሱለት ምን ምስጋና ይበቃዎታል?

3ኛ. ልመናዬን ሳያቋርጡ ስለሰሙኝ አመሰግናለሁ። ቢሮዎ ገብተን ፎቶውን አሳዪኝ ሲሉኝ ማሳያ የላትም አልኩዎ፤ ማሳያ የሌለው ካሜራ አይተው ስለማያውቁ ደብቃለች ብለው ጻፉ። እኔም እጅዎን ይዤ፣ ካሜራዋን ይውሰዱ፣ እኔንም ይሰሩኝ፣ ብቻ ባትሪውን እንዳያወጡብኝ ብዬ ለመንኩዎ። ክቡር ሆይ፣ ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝ ይኼ ነው። ያን ጊዜ ፊትዎ ሲበራ አየሁት፤ ሰው አጥብቆ የሚለምንበት ቦታ ምስጢር ያለበት ቦታ ነው ብለው አሰቡ። ምናልባት ዝም ብል ኖሮ ካሜራዋን እንዲሁ መሳቢያዎ ውስጥ ይወረውሯት ነበር፣ ቶፊቅም ባትሪው ሳያልቅ ይደርስልኝ ነበር። በድሮ ጊዜ ፊልም እየተመዘዘ ፀሐይ ላይ ሲሰጣና ሲቃጠል ያዩትን አስታውሰው በጥፍርዎ ክዳኗን ከፈቱ፣ ሁለቱን ባትሪዎች አወጡ፣ ፊልሙ ይህ ነው ብለውም መስኮቱ ላይ ለፀሐይ አሰጧቸው። ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሁለት ባትሪ ፀሐይ ሲሞቅ ከአግዳሚዋ ላይ ሆኜ አየሁ።

4ኛ. ለበላይ አካል በጻፉት ሪፖርት ላይ «ሁለት ጥቅል ፊልም ተይዞ ተቃጥሏል» ማለትዎን ዘበኛዎ በኩራት አጫውቶኛል። ስለ ጽሑፍዎ ጥራት አመሰግናለሁ።

5ኛ. ስለ ጥልቅ ምርመራዎም አመሰግናለሁ። እናቴ ከዚያራ ስትመለስ የሆነውን ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ግድ የለም፣ ካሜራዋ ስትመለስ እንደገና እቆምላታለሁ አለችኝ። ጎባ ወርደን ፎቶ ቤት እንነሣ ብላት እንቢ አለች፤ ሰቢሪና በላቧ የገዛችው እያለ ለባዕድ ካሜራ አልቆምም፣ እሷ በላከችው ዐይን ነው የምታየኝ አለች። ስለዚህ እኔ በየሳምንቱ ሱቄን እየዘጋሁ አግዳሚዋ ላይ ስቀመጥ፣ እርስዎም በየሳምንቱ በዘበኛዎ በኩል «ጉዳዩ እየተጣራ ነው» ሲሉኝ፣ እናቴ ደግሞ ቤት ሆና ዛሬስ ሰጡሽ ወይ እያለች ስትጠይቀኝ ከረመች። መጋቢት ላይ ደረቷን አመማት። አዲሱን ሻሿን ከሳጥን አስወጥታ ራስጌዋ አስቀመጠችው፤ ካሜራዋ ድንገት ከመጣች እንዳልፈልገው ብላ ነው። ሻሹ እንዳለ ነው፣ እሷ ግን ሄደች። አላህ ይርሐማት። ካሜራዋን ከቀብሯ በኋላ «ምርመራው ተጠናቋል፣ ምንም አልተገኘበትም» ከሚል ማኅተም ያለው ወረቀት ጋር መለሱልኝ። እውነት ነው፣ ምንም አልተገኘበትም።

ከዚህ በኋላ ያለውን በተራ ቁጥር ማስቀመጥ ስላልቻልኩ ይቅርታ ይደረግልኝ። ለሰቢሪና የእናታችንን ሞት በስልክ ነገርኳት። ፎቶውስ ስትለኝ ጠፋ አልኳት፤ እንዴት እንደጠፋ ግን ያን ጊዜ በስልክ የሚወራ ስላልነበረ እርስዎን ከማንሣት ታቀብኩ፣ ብልህ የሆንኩም መስሎኝ ነበር። እህቴ ምን እንዳለች ያውቃሉ? ጥፋቱ የኔ ነው አለች። ርካሹን ባልገዛ፣ ትንሽ ታግሼ ደህናውን ገዝቼ ቢሆን የእናቴ ፊት አይጠፋም ነበር አለች። እስከ ዛሬ ስትደውል የምታወራው ይህንኑ ነው። የሰው ልብስ እያጠበች፣ የሰው ልጅ እያሳደገች ያጠራቀመችውን ገንዘብ እያሰበች ራሷን ትረግማለች። እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ ብላትም፣ ሰው ነው ያጠፋው ብላትም ልታጽናናኝ ነው ብላ አታምነኝም። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ምክንያት ጠላሁዎት። በጨዋ ቋንቋ የምጽፈው ስለተማርኩ ነው እንጂ የተሰማኝ ሌላ ነው።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ባለፈው ኅዳር ቀበሌያችን በአርአያነት ተመርጦ ክቡርነትዎ ዋንጫና የምስክር ወረቀት በተሸለሙበት ዕለት፣ የከተማው ፎቶ አንሺ ለሠርግ ጎባ ወርዶ ስለነበር፣ ዘበኛዎን ልከው ያቺን ካሜራ ይዘሽ ቅረቢ አሉኝ። ንጹሕ መሆኗን ራስዎ አረጋግጠዋልና ምን ብዬ እንቢ ልበል? መጣሁ። ዋንጫውን ሲቀበሉ፣ ዋንጫውን ከፍ ሲያደርጉ፣ ከእንግዶቹ ጋር ሲጨባበጡ አነሣሁዎ። በጣም ዝም ብለው ቆሙልኝ፣ ፀሐዩም ጥሩ ነበር። ለዚሁ ክብር ከገሰራ የመጡትን እናትዎን አዴ ዙሀይራን ኋለኛው ረድፍ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር አስቀምጠዋቸው ስለነበር እጃቸውን ይዤ ወደ ፀሐዩ አወጣኋቸውና ለብቻቸው አነሣኋቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፎቶው የት ደረሰ እያሉ ዘበኛዎን በየቀኑ ይልኩብኛል፤ እኔም ጉዳዩ እየተጣራ ነው እላለሁ። አሁን ተጣርቶ አልቋልና ውጤቱን ልንገርዎ። ቶፊቅ ጋ ሄጄ ከሁሉም መካከል የእናትዎን ብቻ አስወጥቼ አሳተምኩ። ቶፊቅ የቀሩትስ ሲለኝ ይቆዩ አልኩት። እኔ እንደ እርስዎ ባትሪ አላወጣሁም፣ ፀሐይም አላሰጣሁም፤ ሲያልቅ አልቀየርኩትም ብቻ። ባለፈው ሐሙስ የቁጥሯ መስኮት ጠፋች። ዋንጫው፣ ጭብጨባው፣ እንግዶቹ፣ ክቡርነትዎም አብረው ጠፉ። አልዋሽዎትም፣ ደስ አለኝ። ሱቄን ዘግቼ ሻይ በስኳር አብዝቼ ጠጣሁ። እርግጥ ነው ዋንጫዎ በመደርደሪያዎ ላይ አለ፣ የእኔ እናት ግን መደርደሪያ ላይ የለችም፤ ስለዚህ ገና አልተስተካከልንም።

ከእርስዎ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሱቄ መጥተው፣ ጎረቤት እየሰማ፣ በእኔ ስልክ ከሰቢሪና ጋር ተነጋግረው በራስዎ አፍ፣ ካሜራዋ ምንም አልሆነችም፣ የገዛሽው ደህና ነበር፣ የእናትሽን ፊት ያጠፋሁት እኔ ነኝ እንዲሏት ነው። የስልኩን ሒሳብ እኔ እችላለሁ።

ለአገር ጸጥታ፣ በተለይም በእኛ ቤት ላወረዱት ጸጥታ ያለኝን የማያልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ መሳቢያዎ እንዳይጎድል፣ አግዳሚ ወንበርዎም ያለ ሰው እንዳይውል እየተመኘሁ፣

ምንም ያልተገኘባት፣
ጁሀራ ረዲ

ግልባጭ፦
ለመናኸሪያው ግድግዳ፣
ለገበያው መግቢያ ዛፍ፣
ወደ ከሚላ ፎቶ ኮፒ ቤት ለሚመጣ ለማንኛውም አንባቢ፣
ለዘበኛዎ፣ በእጅ።

ማስታወሻ፦ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ስለጠፉብዎት እናትዎ፣ ገሰራ ድረስ መኪና ልከው እያስፈለጉ መሆኑን ሰምቼ የመንግሥት ነዳጅ እንዳይባክን ልንገርዎ ብዬ ነው። እርስዎ ለስብሰባ ጎባ በወረዱ ዕለት ፎቶአቸውን ላደርስላቸው ቤትዎ ሄጄ ነበር። ፎቶውን ብዙ አዩት፤ ከዚያ የራስሽን እናትስ አንሥተሻት ነበር ወይ ብለው ስለጠየቁኝ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ጫማቸውን አደረጉ፣ ነጠላቸውን ለበሱና አብሬሽ ልሂድ አሉኝ። አሁን እኔ ቤት፣ በእናቴ አልጋ ላይ ነው የሚያድሩት። ያገትኳቸው እንዳይመስልዎ፣ የቤቴ በር ክፍት ነው፣ ይሂዱ ብላቸውም እንቢ ብለዋል። ሰቢሪና ስትደውል በስልክ ያወሯታል፤ እርስዎ ያደረጉትን ግን፣ ልጄ ራሱ ይንገራት ብለው አልነገሯትም። ጎረቤት መጥቶ የማን እናት ነዎት ሲላቸው የሲምቦ እህት ነኝ ይላሉ።