የአባዬ የበር ስዊች

ሐሙስ፣ ኅዳር 13

ለተከበረውና ለተመለጠው ታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ስለ ፀጉርህ አልጠይቅም፤ እሱ ጥሎህ ከሄደ ቆይቷል። እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፣ ግን ውሸት አስቤ የምዋሽበት ቀን አይደለም።

ይህን ብቻህን ሆነህ አንብበው። ያልደወልኩልህ ካርድ ጨርሼ አይደለም (ጨርሻለሁ፣ ግን ለሱ አይደለም)። ቤታችን ውስጥ ስልክ እንደ ሬዲዮ ነው፣ ሁሉም ይሰማል፤ አባዬ ደግሞ ከአጠገቡ አይጠፋም። ስለዚህ ነገ ጠዋት ለሚወጣው ለረጅሙ የአውቶቡስ ሹፌር እሰጠዋለሁ፣ ማታውን እጅህ ይገባል። ፊደል ከገደፍኩ እንዳትስቅ። ስምንተኛ ክፍልን በጣም ከመውደዴ የተነሳ ሁለት ጊዜ የተማርኩ ሰው ነኝ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሳምንት ሰኞ ነው። አባዬ ተማሪዎች የሚያመላልስበትን ሚኒባስ ታውቀዋለህ። ከመሪው አጠገብ ያለችውን ስዊች ሲጫናት የጎን በሩ ቀጭ ብሎ ይለቅና ልጆቹ ይወርዳሉ። የዚያን ቀን በሩ አልከፈት ብሎ፣ አሥራ አንድ ልጆች ተቆልፎባቸው፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው ከውጭ የከፈተላቸው። አባዬ ቀጥታ እኔ ወደምሠራበት ጋራዥ መጣ።

«አንተ ነህ!» አለኝ ሰላም ሳይል።

«እኔ ምን አደረግኩ?»

«ፍሬን ስረግጥ ጡሩምባ እንዲጮህ ያደረገው ማነው? የጎረቤት ድመት ናት?»

እሱን አልካድኩም። ሦስት ቀን ሙሉ ከኋላው ያለውን መኪና ሁሉ ሲሳደብ መክረሙ ዛሬም ያስቀኛል። በስዊቿ ግን እጄ የለበትም፤ እናቴ ትሙት ብዬ ማልኩ።

«እናትህ ስንቴ ትሙት?» አለኝ።

የባትሪውን ገመድ ፈታሁ፣ ሽፋኑን በካቻቪቴ ጫፍ ቀስ ብዬ ፈልቅቄ ስዊቿን አወጣኋት። በመሞከሪያ መብራት ስሞክራት ትሠራለች። ሲላት የምትሠራ፣ ሲላት የምታምፅ ናት ብዬ አዲስ ገዛሁ። ሽቦዎቹን ሰክቼ ገጠምኩ፣ ባትሪውን አሰርኩ፣ ተጫንኳት። ቀጭ! በሩ ተለቀቀ። አባዬ ገብቶ ተቀመጠና ተጫናት። ዝም።

«የሞተ ዕቃ ነው የገዛኸው።»

እጄን በመስኮት አስገብቼ በአንድ ጣት ነካ አደረግኳት። ቀጭ።

«ለአንተ ብቻ ነው እንዴ የምትታዘዘው? ጋብቻ አላችሁ?»

ስስቅ ቆይቼ አውራ ጣቱን አየሁት። ክንዱ እስከ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ጣቱ ግን ስዊቿ ላይ እንደ ዝንብ አርፏል እንጂ አይጫንም። ማየቴን አየ። እጁን ኪሱ ከተተ።

ያኔ አፌ ያመጣልኝን አልኩ። «አባዬ ይቅር በለኝ፣ እኔ ነኝ። ላናድድህ ብዬ ጠንካራ ስፕሪንግ ከትቼባታለሁ።» ያልሠራሁትን ጥፋት ስናዘዝ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ፊቱ በራ። «አላልኩም? አላልኩም? አንተ እርኩስ!» እያለ ለመካኒኮቹ አንድ በአንድ እየዞረ ነገራቸው። እንደዚያ ደስ ብሎት ሲሰድበኝ አይቼው አላውቅም።

እማዬ ግን ስትሰማ አልሳቀችም። ከተሰጣው ልብስ ኋላ ጎትታ ወሰደችኝ። «የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ነኝ፤ ሁለት ወሩ። ብርድ ነው ይለኛል። ለልጆቹ ትንፍሽ እንዳትዪ ብሎ አስምሎኛል።»

«ሐኪምስ?»

«ሐኪም ሲባል ተነሥቶ ይወጣል።»

አሁን እኔ የሠራሁትን ልንገርህ። ሰምተህ ስትጨርስ እንዳሻህ ስደበኝ። በማግስቱ ሌላ ስዊች ፈልጌ አገኘሁ፤ ላባ ቢያርፍባት የምትከፍት፣ ለስላሳ። ገጠምኩለት። ነካ አደረጋት፣ ቀጭ። «ድሮም ስትፈልግ ትችላለህ» አለኝ። ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። ስዊቿን አለሰለስኩ እንጂ መሪውን፣ ማርሹን፣ የእጅ ፍሬኑን ማን ያለሰልስለታል ብዬ አላሰብኩም።

የዚህ ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ጋ ቁልቁለቷ ላይ ቆመ። የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ የሳበው መሰለው። ስዊቿን ነካ፣ በሩ ተከፈተ። የመጀመሪያዋ ልጅ አንድ እግሯን መሬት እንዳደረገች መኪናው መንሸራተት ጀመረ። ዘበኛው በቦርሳዋ ማንጠልጠያ ጎትቶ ባያወጣት ኖሮ... መጻፉ ይከብደኛል። መኪናው ግንቡን ተደግፎ ቆመ። ማንም አልተጎዳም። የልጅቷ አንድ ጫማ ጎማው ሥር ቀርቶ ነበር፣ ከጋራዥ ተጠርቼ ስደርስ ያወጣሁት እኔ ነኝ። እንደ ወረቀት ሳስቷል።

አባዬ «ፍሬኑ ነው» አለ። ፍሬኑን ፈታትቼ አየሁት፤ ከእኔም ካንተም ጤነኛ ነው። እንደ ምንም ጨክኜ «አባዬ፣ ፍሬኑ ምንም አልሆነም፣ እጅህ ነው» አልኩት። አየት አደረገኝና «ደግሞ ጀመረህ!» ብሎ ሳቀ። አየህልኝ? ዕድሜዬን ሙሉ ስቀልድ ኖሬ፣ አንድ ቀን እውነት ብናገር የሚያምነኝ ጠፋ።

ስለዚህ ስዊቿን ነቅዬ፣ የባትሪውን ገመድ ደብቄ፣ «መለዋወጫ አዝዣለሁ፣ እሑድ ይደርሳል» አልኩት። ልጆቹን እስከዚያ ሌላ ሹፌር ይወስዳቸዋል። ካልደረሰ ግን ሰኞ በጠዋት ሌላ ጋራዥ አስጎትታለሁ ብሏል። ሌላ ጋራዥ የሄደ እንደሆነ በአምስት ደቂቃ ይገጥሙለታል። ስዊቿ ኪሴ ውስጥ ናት፤ ሰው ሲያናግረኝ ሳላውቀው እየተጫንኳት አገኘዋለሁ ራሴን።

አንተ ቀልድ አታውቅም። ስትወለድ እንኳ ተኮሳትረህ ነው የወጣኸው ትላለች እማዬ። ለዚህ ነው አንተን የሚሰማህ። ና እና ንገረው።

እዚህ ላይ ስደርስ አባዬ ገባ።

«ለማነው?»

«ለመላጣው።»

«ምን ትለዋለህ?»

ወረቀቱን በክርኔ ሸፈንኩት። «ጫማ ላክልኝ እያልኩት ነው።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠና እንደ ልማዱ ግርጌው ላይ አንድ ሁለት መስመር ሊጽፍልህ እስክሪብቶውን ጠየቀኝ። ያዘው። ነጥብ እንኳ ሳያደርግ ብዙ ቆየ። ከዚያ መለሰልኝ።

«አንተ ጻፍልኝ። በእኔ ጽሕፈት አድርገው።»

«በአንተ ጽሕፈት እንዴት አድርጌ?»

«ለትምህርት ቤቱ ሦስት ዓመት ሙሉ በስሜ ስትፈርምልኝ የኖርከው እንዴት አድርገህ ነበር?»

ለካ ያውቅ ኖሯል! እሱ እየነገረኝ ጻፍኩ። አንዲት ቃል አልጨመርኩም፤ ሌላውን ሁሉ ባታምነኝ ይህን እመነኝ።

መንገዱን ያቅናልህ። ክፉ አይንካህ። ከተቻለም ፀጉርህን ይመልስልህ።

ታናሽህ፣ ያው እኔው

ልጄ፣ እኔ ደህና ነኝ። እናትህም ደህና ናት። ሥራ ካልበዛብህ ከሰኞ በፊት ድረስልኝ። መኪናዋን ከእንግዲህ ማን እንደሚይዛት እንነጋገራለን።

አባትህ