ኤልዳናን ሲኒማ የወሰድን ቀን

ውድ ወንድሜ ሰርፀ፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ መጠየቁ ራሱ ያሳፍረኛል፤ እስር ቤት ያለ ሰው ምን ደህንነት አለው? እኛ ደህና ነን። ልጄ ኤልዳና ትከሻዋ እንደታሰረ ነው፣ ግን ትበላለች፣ ትስቃለች፣ እንደ ወትሮዋ ታስቸግራለች። ሰኞ ፍርድ ቤት ቀርቤ ያየሁትን እንድናገር ተጠርቻለሁ። እዚያ የምለውን ከማንም በፊት ከእኔ እንድትሰማው ብዬ ነው የምጽፍልህ። በስልክ እንዳልነግርህ ስታለቅስ አንጀቴ አይችልም።

ቤታችን ሰው አይጠፋበትም። "ወንድም ማለት እንዲህ ነው! ደሙ ፈላ፣ ምን ያድርግ!" ይላሉ። ጋሽ ጥላዬ፣ የቤተክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው እንግዲህ፣ ትናንት ሶፋው ላይ ደገፍ ብለው "ልጄ፣ ቃላችን አንድ ይሁን። ሰውዬው ሕፃኗን መታ፣ ሰርፀ ተከላከለ። አለቀ" አሉኝ።

"እርስዎ እዚያ ነበሩ እንዴ?" አልኳቸው።

ተገኝ አፈጠጠብኝ። ባሌን ታውቀው የለ፣ ሽማግሌ ፊት ድምፅ ከፍ ሲል አይወድም። እሱም ቢሆን ጁስ ሊገዛ ወጥቶ ስለነበር ምንም አላየም። ያየሁት እኔ ነኝ።

ታከር ከተማ ያለው ሲኒማ ቤት ገና ፓርክ ስናደርግ "የመጀመሪያ ፊልሟን ከአጎቷ ጋር ነው የምታየው!" ብለህ ከመኪናው የሕፃን ወንበሯ ፈትተህ አወጣሃት። ባልዲ የሚያህል ፈንዲሻ ገዛህላት። ለሁለት ዓመት ተኩል ልጅ! "ትታነቃለች" ስልህ "አንቺ ደግሞ!" ብለህ ራስህ በላኸው። መብራቱ ሲጠፋ ጭንህ ላይ ሆና "ጠፋ!" ብላ አጨበጨበች። ፊልሙ የልጆች ነው ቢባልም ድምፁ ልብ ያቆማል፤ ወዲያው ለቅሶዋን ለቀቀችው። የፊተኛውን ወንበር በጫማዋ ትደበድባለች፣ አንተ ትስቃለህ።

ሰውዬው ዞረ። ልጁን ይዞ የመጣ፣ መነጽር ያደረገ ሰው ነበር። መጀመሪያ በትህትና ነው የተናገረው፣ እሱን አትካድ። ሁለተኛ ሲዞር ግን "ይቺን ልጅ አስወጧት!" አለ፣ ስድብም ጨመረበት። እኔ እኮ ተነስቼ ነበር ሰርፀ! ቦርሳዬን አንግቼ፣ ሁለት እጆቼን ዘርግቼ "ስጠኝ፣ ይዣት ልውጣ" አልኩህ። አየኸኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ ልጄን በግራህ እንዳቀፍክ በቀኝህ ፊቱን በቦክስ አልከው።

መነጽሩ ሲደቅ ሰማሁት። ከአፍንጫው ደም እየተንዠቀዠቀ፣ እጁን በጭፍን እያወናጨፈ ሸሚዝህን ያዘ። ሸሚዝህን ነው የያዘው። ልጄን አልነካትም። አንተ ግን ደግመህ ለመምታት ግራ እጅህም አስፈለገህ።

ለቀቅካት።

አላመለጠችህም፣ ማንም አልነጠቀህም፣ ማንም አልመታትም። ክንድህን ከፍተህ እንደ ጃኬት ጣልካት። በትከሻዋ ወንበሩ ላይ ተጋጭታ በወንበሮቹ መሃል ወለሉ ላይ ወደቀች።

ወዲያው አንዱ "ሽጉጥ ይዟል!" ብሎ ጮኸ። ማን ሽጉጥ ነበረው? ማንም። እዚህ አሜሪካ ግን ያንን ቃል የሰማ ሰው አይጠይቅም፣ ይሮጣል። ልጄን ላነሳ ወለሉ ላይ ስደፋ በላዬ ላይ ሮጡ፣ ጣቶቼን ረገጧቸው። በፈሰሰ ኮካና በፈንዲሻ ላይ እየዳህኩ "ኤልዱ! ኤልዱ!" እላለሁ፣ ድምጿ የለም። ከበላዬ ደግሞ ቡጢህ ይሰማኛል። ሰውዬው መጮህ ካቆመ በኋላ እንኳ አላቆምክም። ልጁ "አባቴን ተወው!" እያለ በዚያ በትንሽ እጁ ጀርባህን ይመታሃል፣ ዞር ብለህም አላየኸው። ኤልዳናን ሳገኛት አፏን ከፍታለች፣ ግን ትንፋሿ ተቋርጦ ድምፅ አይወጣትም። ያቺን ደቂቃ ለጠላቴም አይስጠው። ሰውዬው አንድ ዓይኑ ጠፍቷል። መንጋጋውን በሽቦ አስረውታል፣ ከሆስፒታልም ገና አልወጣም።

"ማሂ፣ ልጃችንን መታት እኮ፣ ምን ላድርግ?" ብለህ በስልክ ስታለቅስ እየዋሸህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እውነት መስሎሃል። እኔን የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው። ልጆች ሆነን ሰፈር ውስጥ የገፋኝ ሁሉ ከአንተ ቡጢ አያመልጥም ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ልደብቅህ፣ ወንድም አላት እየተባልኩ እንጎራደድ ነበር። ለእኔ ብለህ የምትደባደብ ነበር የሚመስለኝ። ያን ቀን ግን እጆቼን ዘርግቼ እየለመንኩህ ነበር። ለእኛ ብለህ ቢሆን ኖሮ ልጄን ትሰጠኝ ነበር።

ሰኞ ይህንኑ እናገራለሁ። እዚያ በእንግሊዝኛ ከምትሰማው በፊት በአማርኛ ልንገርህ ብዬ ነው። ጋሽ ጥላዬ ቢያኮርፉ ያኩርፉ። እማዬም ደውላ "የገዛ ደምሽን ሸጥሽ" ትበለኝ፣ እችለዋለሁ። ብዙ ዓመት ሊፈርዱብህ እንደሚችሉ ጠበቃህ ነግሮኛል። ሲፈርዱብህ እዚያው ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ፣ ከዚያም በተፈቀደልኝ ቀን ሁሉ ልጠይቅህ እመጣለሁ። እህትህ ነኝ፣ የት እሄዳለሁ? ኤልዳናን ግን ይዣት አልመጣም። አድጋ ራሷ ከጠየቀችኝ ያኔ እናያለን።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ሲያቅፋት በደህናው እጇ ልብሱን ጨምድዳ ትይዛለች። እኔንም፣ አባቷንም። አልጋዋ ላይ ላስተኛት ስል ጣቶቿን አንድ በአንድ ነው የማላቅቃቸው።

የምትወድህ፣ ግን የማትዋሽልህ እህትህ
ማሂ