የኅዳር ሚካኤል ለቅሶ

ሚዛን ተፈሪ
ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለዓለምሰገድ፤

ዓለሜ፣ እንዴት ሰነበትክ? ጉሮሮህስ? ዛሬም የምትውጠው ሾርባ ብቻ ነው ወይስ እህትህ ምሕረት ገንፎ አስጀመረችህ? እኔ ደህና ነኝ። ይህን «ደህና ነኝ» ግን በስልክ እንደምለው አትቁጠረው። በስልክ እኔ ደህና ነኝ እላለሁ፣ አንተም በዚያች በቀጠነች ድምፅህ ደህና ነኝ ትላለህ፣ ከዚያ ስለ ዝናቡ ትንሽ አውርተን እንዘጋለን። ለዚህ ነው ወረቀት ያነሣሁት። የጋሽ ሸዋንግዛው ልጅ ፍሬአብ ለበዓል መጥቶ ነበር፤ ነገ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ በእጅህ ያደርስልኛል።

ዋናውን ላስቀድም። የጨረር ሕክምናው ተገኝቶልሃል፣ ሰኞ ትጀምራለህ። ይህን አንተም ሰምተሃል። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ሰምቻለሁ። «ይቅርብኝ፣ ቦታዬን ለሌላ ስጡት፣ አገሬ ገብቼ ቡናዬን ልይ» ብለሃል አሉ። የነገረችን ምሕረት ናት፤ አደራህን እንዳትቆጣት። ጨንቋት ነው።

ወሬው እኔ ጋ የደረሰበትን መንገድ ልንገርህ። በሰማኸው ጊዜ ትስቅ ይሆናል፤ መሳቅ ጉሮሮህን ካላመመህ።

መብራት ጠፍቶ ስለ ሰነበተ ስልኬ ተዘግቷል። ምሕረት ብትሞክር ብትሞክር አላገኘችኝም። በመጨረሻ ረቡዕ አመሻሽ ላይ ለዕድራችን ዳኛ ለጋሽ ሸዋንግዛው ደወለች፤ እሱ የፀሐይ ኃይል ስላለው ስልኩ አይዘጋም። እሱም ሁሉንም ሰማ፣ ሕክምናውንም፣ እምቢታህንም። ወዲያው መጥቶ ቢነግረኝ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ሰውዬውን ታውቀዋለህ፣ ለሁሉም ነገር ሥርዓት አለው። «በሽተኛ ሩቅ አገር ያላት ሴት በር በምሽት ከተንኳኳ ትደነግጣለች» ብሎ አሰበ። ደግሞም አንተን የማሳመኑን ነገር ብቻውን ከሚነግረኝ ሽማግሌ ይዞ ቢመጣ ቃሉ እንደሚከብድ ታየው። ስለዚህ እንዳልደነግጥ ብሎ ሌሊቱን አሳለፈና በማግስቱ፣ በሚካኤል ዕለት፣ ጎህ ሲቀድ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ከች አለ። ሦስቱም ወደ ቅዳሴ ለመሄድ ነጭ በነጭ ለብሰዋል።

እንግዲህ አስበው። ገና አልነጋም። ሦስት ሽማግሌ ነጭ ጋቢ ተከናንቦ፣ ተጠጋግቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ በሬ ሲመጣ ምን ይባላል? አንገታቸውን የደፉት ዳገቱ ስላንሸራተታቸው መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ የእኛ ቤት በላይ፤ ለቅዳሴ የወጣ ሰው በእኛ በኩል አያልፍም። በዚህ አገር በእንዲህ ያለ ሰዓት እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ሰው የሚያመጣው አንድ ነገር ብቻ ነው።

እኔ ደጅ ነበርኩ፤ ማድረቂያው አልጋ ላይ ካሰጣነው ጀንፈል ቡና ላስቲኩን እየገለጥኩ። አየኋቸው። አበቃ አልኩ።

ዓለሜ፣ አልጮኽኩም። ሰማዩን አየሁና ዝናብ ይመጣል ብዬ ላስቲኩን መልሼ አለበስኩት፣ ጠርዙንም በድንጋይ ያዝኩት። ከዚያ ወደ በሩ ስዞር ቦቲህን አየሁት። በሰኔ የከተማ ጫማህን አድርገህ ስትሄድ የተውከው ቦታ ቆሟል። ይሄ ለማን ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ቡና ለሚለቅምልን ለብሩህ ልስጠው አልኩ። እግሩ ካንተ ይሰፋል፣ ግን ይሞክረው አልኩ። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ሽማግሌዎቹ ግቢው ውስጥ እስኪገቡ ድረስ ነው። ከዚያ አግዳሚውን ጠርጌ «ቁጭ በሉ፣ ቁርስ ላቅርብ» አልኳቸው። ወደ ቅዳሴ ለሚሄድ ሰው!

ጋሽ ሸዋንግዛው ጉሮሮውን ሊጠርግ ሲል ቱርከያ ከአጥሩ ማዶ አየቻቸው። ጎረቤታችን ያንተን ወሬ ሳትጠይቅ ውላ አታውቅም። «ዋይ! ዋይ! ዓለምሰገድ!» ብላ ሻሿን ጥላ ስትሮጥ መጣች፤ እግሬ ሥር ወደቀች። የእሷን ጩኸት የሰማ ሁሉ ወጣ። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ግቢውን ሞሉት። «ያ ሳቂታ! ያ ለሰው አሳቢ!» እያሉ አሞገሱህ። ሙገሳውን ብትሰማ ኖሮ ትኮራ ነበር። ሁለት ጎረምሶች ደግሞ ማንም ሳያዛቸው የዕድሩን ድንኳን ቋሚ ተሸክመው ብቅ አሉ።

ጋሽ ሸዋንግዛው መሐል ቆሞ «ኧረ እናንተ ሰዎች! ሰውዬው አልሞተም! ሕክምና ተገኘለት እኮ!» ይላል፤ የሚሰማው የለም። ስንት ዓመት የዕድር ዳኛ ሆኖ ለቅሶ አስጀምሯል፣ ማስቆም ግን አያውቅበትም። በመጨረሻ አግዳሚው ላይ ወጥቶ ጋቢውን እያውለበለበ «አልሞተም!» ብሎ ሲጮኽ ግቢው ጸጥ አለ። ከዚያ እልልታው ቀለጠ። ቱርከያ ዓይኗን እየጠረገች ተነሣችና «አይ ጋሽ ሸዋንግዛው! ወላሂ፣ ለደግ ወሬ ማን በዚህ ሰዓት ይመጣል?» ብላ አፈጠጠችበት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ግድ የለም አጸደዬ፣ አንዴ የተለቀሰለት ሰው ዕድሜው ይረዝማል» አለችኝ። ሁሉም ሳቀ።

እኔ «እሺ» አልኩ። እልል አላልኩም፣ አላለቀስኩም። ሰው ደስታ አደነዘዛት ብሎ አለፈኝ።

ደስታ አይደለም ዓለሜ። ከሄድክ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። የጨረሩ ተራ መጀመሪያ መስከረም ነው አሉን፤ መስከረም ሲደርስ ማሽኑ ተበላሽቷል አሉን፤ ከዚያ ይደወልላችኋል አሉን። ሲደወል ቅርብ ያልተገኘ ተራው ያልፈዋል ስለተባለ አንተ እዚያ ታሰርክ። እኔም ስልኬን ብብቴ ውስጥ ይዤ ቡና ለቀማ ወረድኩ። መጀመሪያ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይዘል ነበር። አሁን አይዘልም። ሰው «ዓለምሰገድ እንዴት ነው?» ሲለኝ «እየጠበቀ ነው» እላለሁ፣ ወደ ቴፒ ገበያ ሄዷል እንደምለው። በዓል ሲመጣ በዓል ነው እላለሁ፤ እህል ሲቀርብ እበላለሁ፤ ጨው ይኑረው አይኑረው አላውቅም።

አሁን የምነግርህን ለማንም አልነገርኩም። ሽማግሌዎቹን ሳያቸው አረፍኩ። አዎ፣ አረፍኩ። ከእንግዲህ የሚጠበቅ ነገር የለም፣ ማንም አይደውልም፣ አልኩና ሰውነቴ ቀለለኝ። ሠላሳ ዓመት አብሬው የኖርኩት ሰው ሞተ ብዬ አምኜ ሰውነቴ ቀለለኝ። ከትናንት ጀምሮ ይህንን ነገር እፈራዋለሁ፤ ካንሰሩን ከምፈራው በላይ።

ይህን የምጽፈው እንድትቀየመኝ አይደለም። «ይቅርብኝ» ያልክበት ምክንያት ስለገባኝ ነው። በፊት ብሰማው ኖሮ እኔንም ልጆቹንም ጠላ ብዬ አኮርፍ ነበር። አሁን ግን አውቄዋለሁ። ሞትን ወደህ አይደለም፤ መጠበቅ አድክሞህ ነው። አንተም ማረፍ አምሮህ ነው። እኔ ያቺን ዕረፍት ቀምሻታለሁ፣ ግማሽ ሰዓት አትሞላም። መልካም ነገር እንዳትመስልህ። የባልን ጫማ ለሌላ ሰው እግር ታስለካለች።

ስለዚህ ሰኞ ግባ። ተስፋ አድርግ አልልህም፤ እኔም የለኝምና ከየት አምጥቼ እሰጥሃለሁ? ዝም ብለህ ግባ። ደንዝዘህም ቢሆን ግባ። ጨረሩ የልብህን ሁኔታ አይጠይቅም፣ ጉሮሮህን ነው የሚፈልገው። የቡናውን ነገር አታስብ፤ ለቀማው እያለቀ ነው፣ የተሰጣውም እየደረቀ ነው። ማክሰኞ መኪና ይዤ እመጣለሁ፤ ቤቱን ቱርከያ ትጠብቅልኛለች፣ ጀንፈሉንም ታገላብጣለች። በቁምህ ያስለቀሱብህን ሽማግሌዎችም ይቅር በላቸው፤ ጋሽ ሸዋንግዛው ከትናንት ወዲህ ቀና ብሎ አላየኝም።

ሚካኤል ከፊትህ ይቅደም። ምሕረትን ሳምልኝ፣ ለደከመችልህ ሁሉ እግዜር ይክፈላት። ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ስለ ለቅሶው አልነገርኳቸውም።

እንባዬ የት እንደገባ አላውቅም። ስትመጣ አብረን እንፈልገዋለን።

ቦቲህ በሩ ሥር ነው። ለማንም አልሰጠሁትም። የሰኔው ጭቃ አሁንም አለበት፤ መጥተህ ራስህ እጠበው።

ያንተው አጸደ