በአራት ደብተር ስለተጻፈው የወተት ሙከራ

ቀን፦ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሐሮ ገፈርሳ ኮሌጅ አካዳሚክ ዲን
ቡራዩ

ጉዳዩ፦ «ተኮራርጃችኋል» ተብሎ ለቡድናችን የተሰጠው የ«ኤፍ» ውጤት ከመጽደቁ በፊት እያንዳንዳችን በቃልና በተግባር እንድንፈተን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ገለቴ ኢፋ በኮሌጁ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ በጽዳት ሥራ አሥራ አንድ ዓመት አገልግያለሁ። ከአምና ጀምሮ ደግሞ በዚያው ላቦራቶሪ የቅዳሜና እሁድ ተማሪ ነኝ። ትምህርት ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ተማሪዎች የሚጥሏቸውን የላቦራቶሪ ወረቀቶች እየሰበሰብኩ ሳነብ ቆይቼ በግል ተፈትኜ አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ። ይህን የጠቀስኩት እንዲታዘንልኝ ሳይሆን ከዚህ በታች የምለውን ከየት እንዳወቅሁት ግልጽ እንዲሆን ነው።

1. በዚህ መንፈቅ ዓመት የላቦራቶሪው ትምህርት አሰጣጥ ተለውጧል። ቀድሞ አሠራሩ ደረጃ በደረጃ ይነገረን ነበር። አሁን አራት አራት ሆነን፣ ጥያቄውን ራሳችን አንስተን፣ መልሱን ተባብረን በሙከራ እንድንፈልግ ታዘዝን። መምህር ሽመክት ይህን ሲያስረዱን ደስ ብሎኝ ነበር። በቡድኔ ዱርሲቱ፣ ኢክላስ እና ኢቲቻ አሉ፤ ሦስቱም በልጆቼ ዕድሜ ናቸው።

2. እንዴት እንተባበር ሲባል ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ባደግሁበት በሱሉልታ ገጠር በደቦ ሲታጨድ የዕለቱ ማሳ ባለቤት ነበረው፤ ሁሉም ለእርሱ ያጭዳል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ተራው የሌላው ነው። እኛም እንደዚያው አደረግን። የሳምንቱ ባለቤት ጥያቄውን ያነሳል፣ ልኬቱ በእርሱ ደብተር ብቻ ይጻፋል፣ ሲያልቅ ሌሎቻችን ከእርሱ ላይ እንገለብጣለን። ኢቲቻ ገና ስገባ «እትዬ፣ ዛሬ የማን ማሳ ነው?» እያለ ያስቀን ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ እዚያው በገዛ እጁ መመዝገብ እንዳለበት በመመሪያው ሦስተኛ ገጽ ተጽፏል። አላየሁትም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

3. በዱርሲቱ ሳምንት ከቤቷ ያመጣችው ወተት በየሰዓቱ ምን ያህል እንደሚኮመጥጥ ለካን። ኮምጣጣነቱን የሚለካውን መድኃኒት ወተቱ ላይ ጠብ እያደረግን ፈዛዛ ሮዝ ሲሆን ማቆም ነበረብን። በሦስተኛው ልኬት ላይ ዱርሲቱ አሳለፈችውና ቀለሙ ደመቀ። «ትንሽ ናት፣ ትለፍ» አለች። ኢክላስ «ለአንቺ ትንሽ ናት፤ ለወተቱ የአንድ ሰዓት ዕድሜው ነው» ብላ ቁጥሩን አሰረዘቻት፤ እንደገና ለካን። ስንገለብጥ ስርዙንም እንዳለ ገለበጥነው፤ በአራቱም ደብተር ሦስተኛው ቁጥር ተሰርዞ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። የመኮራረጃችን ማስረጃ ተደርጎ የቀረበውም ይኸው ስርዝ ነው።

4. ይህን ለመምህሩ ባስረዳ «ወ/ሮ ገለቴ፣ ይህ ኮሌጅ ነው፤ ደቦ አይደለም» አሉኝ። ለትምህርት ክፍሉ ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። መጀመሪያ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ቀጥሎ ደብዳቤሽ አልደረሰንም ተባልኩ። ሁለተኛውን ደብዳቤ ጠረጴዛቸውን ስወለውል እንደታሸገ አይቼዋለሁ።

5. ይበልጥ የሚቆጨኝ ሌላ ነው። የአምና ተማሪዎችን ውጤት ተቀባብለው ሪፖርት የሚሞሉ ቡድኖች አሉ። ዕቃውን የማጥበው እኔ ስለሆንኩ ያልተነካውን አውቀዋለሁ። ቁጥሩን በየደብተሩ በጥቂቱ ከፍና ዝቅ ስለሚያደርጉት የማንም ከማንም አይገጥምም፤ አልፈዋል። እኛ የለካነውን አንድ ቁጥር አራታችንም ስለጻፍን ወደቅን። ስም አልጠራም፤ ማንም እንዲወድቅ አልጠይቅም። ሆኖም ተባብራችሁ ፈልጉ ተብለን አንድ መልስ ማግኘታችን ጥፋት የሚሆንበት ምክንያት ሊገባኝ አልቻለም።

6. ውጤቱ ጥር 23 ይጸድቃል። ከጸደቀ አራታችንም ከትምህርቱ እንሰናበታለን። እኔ ወደ መጥረጊያዬ እመለሳለሁ። ሦስቱ ግን በእኔ ምክር ትምህርታቸውን አጥተው ወደ ቤታቸው ሊመለሱ ነው፤ ይህን ተሸክሜ እዚያ ክፍል ውስጥ መሥራት አልችልም።

ስለዚህ፦

ሀ. አራታችንም ለየብቻ ተጠርተን፣ ኮሌጁ በመረጠው በየትኛውም ሳምንት ሙከራ እንድንፈተን፤ ሙከራውን ማስረዳትና እንደገና መሥራት ያልቻለ ውጤቱ እንዲጸናበት፤

ለ. መመሪያውን ስላላከበርን ቅጣት የግድ ከሆነ ከእኔ ውጤት ላይ ብቻ እንዲቀነስ እጠይቃለሁ። ሦስቱ ይህን ነጥብ እንድሰርዘው ለምነውኛል፤ ኢክላስ እንዲያውም ተቆጥታ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። አልሰረዝኩትም።

ፈተናው ከተፈቀደ፣ አስቀድማ አዘጋጅታ ገባች እንዳይባል በዚያ ዕለት ላቦራቶሪውን የሚያጸዳና ዕቃውን የሚያቀርብ ሌላ ሠራተኛ እንዲመደብ አሳስባለሁ። እኔ እንደማንኛውም ተማሪ ስሜ እስኪጠራ ውጭ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ገለቴ ኢፋ