ስለ አራተኛው ደንብና የኋሊት ስለሄደው ፈረሴ

ኮሶዬ፣ ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶ ዓ.ም.

ለክቡር ፊታውራሪ ተክለ ጊዮርጊስ፣
የፈረስ ትርዒት ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ጎንደር፣ አራዳ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ከርሟል? ጉልበትዎን ብርድ፣ ሆድዎን ጭንቀት፣ ወንበርዎንም ተተኪ እንዳይነካው ዘወትር እመኛለሁ። እኔ አገልጋይዎ ሰጠኝ ሐብተ ማርያምና ፈረሴ ሸጋው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን። አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የፈረስ ስልት ውድድር አንደኛ ወጥተን ከተመለስን ሳምንት ሆነን። ለዚህ ያበቃን የእርስዎ በጎነት ስለሆነ፣ ምስጋናዬን በሕዝብ ፊት በተራ ቁጥር ላቀርብ ተነሥቻለሁ።

፩ኛ. ስለ አራተኛው ደንብ አመሰግናለሁ። ቀኝ እግሬን ከጉልበቴ በላይ የወሰደው ጦርነቱ እርሻችን ውስጥ ትቶት የሄደው ፈንጂ መሆኑን ያውቃሉ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ከቤቴ ጥግ ተቀምጬ፣ ሰው ባለፈ ቁጥር ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞር ነበር። አንድ ቀን ባለቤቴ ባንቺአየሁ የጎረቤት ፈረስ ስባ ደጃፌ ላይ አቆመችና፣ «ምነው፣ መሬቱ እንቢ ካለህ ከመሬቱ በላይ አትሄድም?» ብላ ከወንድሟ ጋር ተሸክማ ኮርቻ ላይ አወጣችኝ። እንዳልወድቅ የፈረሱን ጋማ ጨብጬ እስከ ወንዙ ወርጄ ተመለስሁ። ቁልቁል ሲያየኝ የኖረው ሰው ሁሉ ያን ቀን ቀና ብሎ አየኝ። እንባዬን ነፋሱ ነው ብዬ ጠረግሁት። ከዚያ ወዲህ ፈረስ ሳሠለጥን አሥራ ሦስት ዓመት ሆነኝ።

ታዲያ ባለፈው ጥር ለውድድር ልመዘገብ አራዳ ስመጣ፣ «ተወዳዳሪ ሁለት እግሩን በሁለት እርካብ ያኖረ ይሁን» የሚል፣ ቀለሙ ገና ያልደረቀ አራተኛ ደንብ ተነበበልኝ። እኔ ልመለስ ስል ባንቺአየሁ ወደ ጸሐፊው ጠጋ ብላ፣ «ጌታዬ፣ ፈረሱ አራቱን ይዞ መጥቷል፤ የሁለቱ ተደምሮ አምስት እግር አይበቃችሁም?» አለች። ጸሐፊው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ብዕሩ ከእጁ ወደቀ፤ ሲያነሣውም ስሜን ጻፈ። እባክዎን አይቆጡት።

፪ኛ. ስለ ሽልማቱ አመሰግናለሁ። በውድድሩ ቀን ሸጋውን በዝግታም በሶምሶማም አስኬድሁት፣ አዞርሁት፣ ቀጥ አድርጌ አቆምሁት፣ አራት እርምጃም የኋሊት አስኬድሁት። ሦስቱም ዳኞች አንደኛ አሉኝ። እርስዎ ግን በጥልቅ አስተዋይነትዎ «ያሸነፈው ፈረሱ ነው» ብለው የክብሩን ሪባን በፈረሱ አንገት ላይ አሠሩት። ፈረሱ እጅግ ተደስቷል፤ ሪባኑንም እስኪመሽ ድረስ ግማሹን በልቶታል።

፫ኛ. ከሁሉ በላይ የማመሰግንዎ፣ ፈረሱ ካሸነፈ ዘንድ ጠቅላይ ግዛቱን ወክሎ አዲስ አበባ የሚሄደው «ለዓይን የሞላ» ጋላቢ ይሁን ብለው አቶ ዳኛው አለነን ስለመረጡ ነው። ለእንግዶች በተሰናዳው ትርዒት ላይ ፈረሴን ለእርሱ እንዳውስ ሲያዝዙኝ፣ «ጌታዬ፣ ይህ ፈረስ በቀኝ ጎኑ እግር አያውቅም፤ ቀኝ ጎኑን በአርጩሜ ስነካው የኋሊት እንዲሄድ ነው ያስተማርሁት» ብዬ አስታውቄ ነበር። እርስዎም «ፈረስ ፈረስ ነው» ብለው አሰናበቱኝ።

አቶ ዳኛው በሁለት ተረከዙ ሸጋውን ሲነካው፣ ፈረሱ አንገቱን ቀስሮ፣ እንደ ተማረው በክብር የኋሊት ተጓዘ። ዳኛው ደነገጠና ይበልጥ ጠበቅ አደረገው፤ ፈረሱም ይበልጥ ታዘዘ። ሜዳውን አቋርጦ፣ እርስዎ ከእንግዶቹ ጋር የተቀመጡበትን ዳስ መጋረጃ ገልጦ፣ ጭራውን ከፊትዎ ከነበረው ጠረጴዛ በላይ አድርጎ ቆመ። እንግዶቹ የትርዒቱ ክፍል መስሏቸው አጨበጨቡ። አቶ ዳኛው ግን ጨዋ ሰው ነውና ወርዶ ወደ እኔ መጣ፤ «አያ ሰጠኝ፣ ቋንቋውን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ ይውጡ» ብሎ በገዛ ትከሻው ደግፎ ኮርቻው ላይ አኖረኝ። ሸጋው ሲሸከመኝ በረጅሙ ተነፈሰ፤ እኔም እንዲሁ። ከዚያ ያደረግነውን እንግዶቹ ቆመው ስላዩት፣ እርስዎም አብረው መቆምዎ አልቀረም። ማታውኑ የአዲስ አበባው የጉዞ ወረቀት በስሜ ተጻፈ።

አዲስ አበባ ላይ እግሬን የቆጠረ አልነበረም። አቶ ዳኛው ጓዜን ይዞ አብሮኝ ሄዶ ነበር፤ ውጤቱ ሲነገር ከእኔ ቀድሞ ያለቀሰው እርሱ ነው። አሁን ኮሶዬ እየተመላለሰ ከእኔ ይማራል፤ ሸጋ ጋላቢ ይወጣዋል።

እንግዲህ የክቡርነትዎ ውለታ በዝቶብኝ ጎንበስ ብዬ እጅ መንሣት ቢያምረኝም፣ ከፈረስ ላይ ሆኜ ስለምጽፍ ባርኔጣዬን ብቻ አንሥቻለሁ።

ታዛዥዎ፣
ሰጠኝ ሐብተ ማርያም

ድኅረ ጽሑፍ፦ «ጌታዋን እየጣለች አስቸገረች፤ ማንም ሳይሰማ ትሠልጥን» ብለው በአሽከርዎ የላኳት በቅሎዎ በደኅና ደርሳ ነበር። ሦስት ቀን መረመርኋት፤ ሕፃንም አሮጊትም አስቀመጥሁባት። አንዳች ጉድለት ስላላገኘሁባት መልሼ ልኬልዎታለሁ። ሰኞ ጠዋት ጌታዋን ይላኩልኝ።