የፊት ግራ ጎማ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ሦስት ወረቀት ቀድጄ ነው እዚህ የደረስኩት። «እንደምን አለህ» ብዬ ልጀምር እልና እተወዋለሁ፤ ዓመት ሙሉ ስልኩን ላላነሳችለት ወንድሟ እንዲህ ብላ የምትጽፍ እህት ታሳፍራለች። ብደውል ደግሞ ድምፄ እንደሚከዳኝ ስለማውቅ ደብዳቤውን ወዳንተ ከተማ በሚሄደው የአውቶቡስ ሹፌር እጅ ልኬዋለሁ። ነገ ይደርስሃል። አንድ ነገር ፈልጋ ነው ብለህ ከጠረጠርክም ልክ ነህ። አስቀድሜ ግን ስለዚያች ቀን የማታውቀውን ልንገርህ።

አራት ወር ሙሉ ቅዳሜና እሁድን ለመኪና ውድድሩ ብለን መኪናዋ ሥር ነበር የከረምነው። እማዬን ገበያ የምታደርሰውን መኪና የኋላ ወንበሯን፣ ምንጣፏንና ስኮርታዋን አውጥተን ባዶ ቆርቆሮ ስናደርጋት እማዬ ወገቧን ይዛ «እኔንስ የት ልታስቀምጡኝ ነው? ጣሪያው ላይ?» ትል ነበር። አንተ የፍሬን ሸራ ቀየርክ፤ እኔ የፍሬኑን ዘይት አፍስሼ አዲስ ሞላሁ። አባዬ ወንበሩን አምጥቶ ይመለከተንና ይስቃል። «ከሰው ጋር ቢሽቀዳደም አንድ ነገር ነው። ብቻውን እየሮጠ ሰዓት ላሸንፍ የሚል ምን ዓይነት እብድ ነው?» ይላል። መቁጠሪያ ሰዓቱን ገዝቶ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው ግን እሱ ራሱ ነው።

የአባዬን ጋራዥ ሕግ ታውቃለህ። ጎማ ያሰረ ሰው ምልክት አያደርግም። አንዱ ያስራል፤ ሌላው ጥብቀቱ ልኩ ሲደርስ «ቀጭ» በሚለው ረጅም መፍቻ እያንዳንዱን የጎማ ዳዶ እንደገና ይፈትሽና በቀይ የጥፍር ቀለም ከዳዶው እስከ ቸርኬው ቀጭን መስመር ይስባል። ዳዶው ከላላ መስመሩ ይሰበራል። ቀለሙን አባዬ የሚያነሳው ከእማዬ መሳቢያ ስለነበር «አንተ ሰውዬ፣ ጥፍርህን ልታሳምር ነው?» እያለች ትቀልድበታለች። መፍቻው ጎማው ሥር መሬት ላይ ካለ ሥራው አላለቀም፤ ኮፈኑ ላይ ከተቀመጠ አልቋል። አባዬ አንተን «ጥድፊያ» እኔን «ተቆጣጣሪዬ» ይለን ነበር። የእኔን ዓይን ምንም አያመልጠውም ብሎ በየሰዉ ፊት ይኩራራብኝ ነበር።

የተስማማነው በየተራ ልንነዳ ነበር፤ አንተ ጠዋት፣ እኔ ከሰዓት። በውድድሩ ቀን መመዝገቢያው ጠረጴዛ ጋ ስደርስ ጸሐፊዋ ዝርዝሩን በጣቷ ወርዳ «ከዚህ መኪና የተመዘገበው አንድ ነጂ ብቻ ነው» አለችኝ። ያንተ ስም ነበር። እየሮጥኩ መጣሁብህ።

«ለሚቀጥለው ትነጃለሽ፤ አሁን ነገር አታካብጂ» አልከኝ፣ ቀና ብለህ እንኳ ሳታየኝ።

«አራት ወር መሬት ላይ ተጋድሜ የከረምኩት ለማጨብጨብ ነው?»

«በቃ አልኩሽ እኮ! ሰው እየሰማን ነው።»

ምክንያትህ ምን እንደነበር ዛሬም አላውቅም። ጠይቄህም አላውቅ።

ለውድድሩ የገዛናቸውን ጎማዎች እየገጠምክ ነበር። መኪናዋን ከክሪክ አውርደህ ሦስቱን በረጅሙ መፍቻ አጠበቅህ። የፊት ግራው ጋ ስትደርስ የውድድሩ ተቆጣጣሪ «ሰባት ቁጥር! ሄልሜትህን ይዘህ ና፣ ይታያል!» ብሎ ጠራህ። መፍቻውን እንደ ልማዳችን ጎማው ሥር መሬት ላይ አስቀምጠህ ሄድክ። ተኳርፈን ስለነበር አንዲት ቃል አልተናገርክም። መናገርም አያስፈልግህም ነበር፤ መሬት ላይ ያለ መፍቻ ምን ማለት እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ።

አየሁት፣ ወንድም ጋሼ። የማታውቀው ይኼንን ነው። ሳላየው የቀረሁ ወይም ፈትሼ የተሳሳትኩ ይመስልህ ይሆናል። እኔ ግን አይቼዋለሁ። ተንበርክኬ አሥራ ስድስቱንም ዳዶ አንዱን እንኳ በመፍቻ ሳልነካ ቀባሁ፤ ከዚያ መፍቻውን አንስቼ ኮፈኑ ላይ አስቀመጥኩት። እንድትጎዳ ፈልጌ አይደለም። «አስሮት ይሆናል» ብዬም አይደለም፤ እንዲያ ብል መዋሸት ነው። በልቤ እየሰደብኩህ ነበር፤ እጄ ደግሞ ብቻውን ይሠራል። አንተ ለምትነዳት መኪና ጎንበስ ብዬ መፍቻ መግፋት ውርደት መስሎ ታየኝ። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ሁለት ዓመት ፈልጌ አጣሁ።

ስትመለስ መፍቻውን ኮፈኑ ላይ፣ ቀዩን መስመር አራቱም ጎማ ላይ አየህ። አመንከኝና ገባህ።

አባዬ ከአጥሩ ጀርባ ከእኔ ጎን ነበር። የመጀመሪያውን ዙር ስትጨርስ ሰዓቱን አይቶ «ይሄ ልጅ ዛሬስ መንዳት ጀመረ!» ብሎ ትከሻዬን ነቀነቀኝ። በሁለተኛው ዙር ከመጨረሻው ኩርባ ስትወጣ ጎማው ወለቀ። መኪናዋ በሆዷ እየተጎተተች ሄዳ አሸዋው ውስጥ ቆመች። ጎማው ግን ነጥሮ አጥሩን ዘለለ። «አባዬ!» ብዬ ጮህኩ። ጎማውን አላየውም፤ የሚያየው አንተ ከመኪናዋ መውጣትህን ነበር። አምቡላንሱ ሲደርስ የቀረው ነገር የአባዬን አስከሬን ማንሳት ብቻ ነበር።

ፖሊሱ «ጎማውን ማን አሰረ? ማንስ ፈተሸው?» ሲል እኔ አፌን ልከፍት ነበር። አንተ ቀደምከኝ። «ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ የመጨረሻውን ረሳሁት። ምልክቱንም ራሴ ነኝ የቀባሁት። እሷ መኪናዋ አጠገብ አልደረሰችም» አልክ። ከዚያ ዞር ብለህ አየኸኝ። ዓይንህ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም፤ ዝም በይ የሚል ነበር። እኔም ዝም አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ያልከኝን የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ስምንት ወር ታሰርክ። በተፈታህ ማግስት መጥተህ ስታንኳኳ እማዬ «አባቱን ገድሎ የምን ቤት ነው የሚፈልገው?» ብላ በሩን አልከፈተችልህም። እኔ ከውስጥ፣ ከበሩ አንድ እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። ደረጃውን ስትወርድ የጫማህን ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ሰማሁት።

ትናንት እማዬን ሆስፒታል ወሰድኳት። ሆዷ ውስጥ ያለው እብጠት መውጣት አለበት ተብሏል፤ ቀጠሮው ሐሙስ ነው። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ቅጽ እየሞላች «እናቴ፣ ስንት ልጆች አሉዎት?» አለቻት። እማዬ ጉልበቴን መታ መታ አድርጋ «አንዲት ናት። ይቺውልሽ» አለች።

እዚያው ኮሪደር ላይ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ እንደተቀመጥን ሁሉንም ነገርኳት። ትጮሃለች ብዬ ፈርቼ ነበር። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«መፍቻው መሬት ላይ ነበር?»

የአባዬ ሚስት አይደለች እንዴ? የጋራዡን ሕግ ታውቃለች።

«አዎ» አልኳት።

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ከነጠላው ሥር ሆና «ልጄን በቁሙ አስቀበርሽኝ» አለች። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም። ምግብ ሳቀርብላት ፊቷን አዙራ ትበላለች። አይፈረድባትም።

ይቅር በለኝ ብዬ አልጽፍልህም። ስምንት ወርህንና አባትህን ወስጄብህ እንዴት ብዬ እለምንሃለሁ? ሐሙስ እሷ ከቀዶ ጥገና ክፍል ስትወጣ እኔ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን እሰጣለሁ። ያሰሩኝ እንደሆን ይሰሩኝ፤ ያንተን ስም ግን ከዚያ መዝገብ አስወጣለሁ። ይኼን ቃል እገባልሃለሁ።

የፈለግሁትን ደግሞ ልንገርህ። ዛሬ ጠዋት ለደም ምርመራ ሄደን ነበር። ለቀዶ ጥገናው ከቤተሰብ አንድ ሰው መፈረም አለበት። ነርሷ ወረቀቱን ወደ እኔ ስትገፋው እማዬ መዳፏን ዘርግታ ሸፈነችው።

«ወንድ ልጅ አለኝ» አለች። «እሱ ይመጣል፤ እሱ ይፈርማል።»

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ና።

እህትህ